የወጌሻው አውራ ጣት

ክፍሉ የሰው ፊት አይዝም፤ ስምማ ጭራሽ። ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አስር ጊዜ ያስተዋወቁትን ሰው በአስራ አንደኛው ቀን «ክፍሉ እባላለሁ» እያለ እጁን ሲዘረጋለት፣ ባለሱቋ ዓለምፀሐይ «ኧረ አንተ ሰውዬ አታዋርደኝ» ትለዋለች። እግር ግን አይረሳም። አንዴ በአውራ ጣቱ የዳሰሰውን ቅልጥም ከስንት ዓመት በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ ቢነካው የማን እንደሆነ ይነግራችኋል። ምን ይደረግ፣ ወጌሻ ነው። አዲስ አበባ እያለ ተጫዋች በወደቀ ቁጥር ሳጥኑን አንጠልጥሎ ሜዳ የሚገባው እሱ ነበር።

አሜሪካ ዲቪ አመጣው። አሁን ሚራክል ማይል የሚባል ሠፈር ባለ አንድ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ፎጣ ያጥፋል፣ አልጋ ይወለውላል፣ በረዶ ያመላልሳል። በሽተኛ መንካት አይችልም፤ ላይሰንስ የለውማ። አለቃው ስትቀጥረው «ኖ ታቺንግ፣ ኦኬ?» ብላ በጣቷ አስጠንቅቃዋለች። እሁድ እሁድ ግን ዓለምፀሐይ ሱቅ ጓዳ ውስጥ፣ በበርበሬ ከረጢትና በሽሮ ካርቶን መሃል በዘረጋት አልጋ ላይ ሰው ያሻል። ወገባቸው የተያዘ የኡበር ሾፌሮች፣ ሽማግሌ ሲያነሱ ሲያስተኙ ትከሻቸው የዛለ የኬርጊቨር ሥራ ሴቶች ይመጡለታል። ወለምታ እሺ፣ የዞረ ጅማት እሺ። የአጥንት ነገር ከሆነ ግን ፊቱ ይጠቁርና «ሆስፒታል ሂዱ» ብሎ ይሸኛል። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አይዛክ አዶምፔ ክሊኒኩ የመጣው በግንቦት ነው። ጋናዊ ነው፤ ኳስ የሚከታተል ሰው ስሙን ያውቀዋል። በአስራ ስድስት ዓመቱ ቤልጂየም ሄዶ፣ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ በብርድና በጭቃ ሲንከባለል ከርሞ፣ አንደኛ ዲቪዚዮን ወጣ። ጀርመን ሦስት ዓመት ተጫወተ፤ ቤልጂየም ተመልሶ አምበል ሆነ። ቀኝ እግሩ ሌላ ነገር ነበር። ቅጣት ምት ሊመታ ሲቆም ግድግዳ የሠሩት ተጫዋቾች ፊታቸውን ያዞሩ ነበር ይባላል። በመጋቢት ጉልበቱን እዚሁ ሎስ አንጀለስ ኦፕራሲዮን ተደረገ፤ ሥራው እንከን አልነበረውም። ይራመዳል፣ ደረጃ ይወጣል። ሩጫ ሲጀምር ግን ቀኝ እግሩ አልሄድም እንዳለ በቅሎ ቀጥ ይላል። ፓስፖርቱ ሠላሳ ዓመቱ ነው ይላል። ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፤ ክለቡም በሦስት ሳምንት ውስጥ ሮጠህ ካላሳየኸን በቃ ብሎታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉ የበረዶ ከረጢት ሲያቀብለው ከረጢቱ ከጉልበቱ ላይ ተንሸራተተ። ክፍሉ ሳያስበው ቀለብ አደረገው፤ አውራ ጣቱ ቅልጥሙ ላይ አረፈ። እዚያው ቀረ። አጥንቱ ተሰንጥቋል። ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ ያዘመመ ስንጥቅ ነው፤ ሲጫኑት እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ፣ ትኩስ፣ የዛሬ ስብራት።

«ያምሃል?» አለው።

«የቱ?» አለ አይዛክ። «እኔ የታከምኩት ጉልበቴን ነው።»

ክፍሉ እጁን እሳት እንደነካ ሰው ሰበሰበ። ያስደነገጠው ስብራቱ አይደለም። እግሩን ያውቀዋል። ይህ እግር በእጁ የገባው የዛሬ አስራ አራት ዓመት፣ አዲስ አበባ፣ ስታዲየም ውስጥ ነው። የእግሩ ባለቤት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሞቷል።

ምሳ ሰዓት ላይ ቴራፒስቱ ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ ሲወጣ ክፍሉ ገብቶ የአይዛክን ኤክስሬይ አየ። አጥንቱ ንጹህ ነው፤ የፀጉር ያህል እንኳ ጭረት የለበትም። «አረጀህ፣ እጅህ ጃጀ» አለ ለራሱ። ግን እጁ እንዳልጃጀ ያውቃል። እስከ ዓርብ ድረስ ወደዚያ ክፍል በረዶ የሚወስደው ሌላ ሰው እንዲሆን ሰበብ ፈለገ።

እሁድ እኩለ ቀን ላይ ዓለምፀሐይ ጭንቅላቷን ወደ ጓዳው አስገባች። «ክፍሉ፣ በሬን ጎንበስ ብሎ የገባ ሰውዬ መጥቷል። እንጀራ ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ አይፈልግም። ሶ፣ የአንተ ነው።»

አይዛክ ነበር። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ ይስቃል።

«አድራሻዬን ማን ሰጠህ?» አለው ክፍሉ።

«ማንም። እኔ እንጃ አንክል፣ ያረፍኩት ፒኮ ሮበርትሰን ሠፈር ነው። ፀጉሬን ልቆረጥ ወጣሁ፤ እግሬ ወደዚህ ዞረ። ከዚያ ሮጠ። ታምነኛለህ? ሦስት ብሎክ ሮጥኩ። እዚህ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።» ዙሪያውን፣ ካርቶኖቹን፣ አልጋዋን አየ። «ያ በረዶ የምታመጣልኝ ሰው አንተ ነህ አይደል? እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ክፍሉ ወጌሻ መሆኑን ነገረው፤ ምን ይበል። አይዛክም ሳይጠየቅ ጫማውን አውልቆ ተጋደመ።

ክፍሉ ባቱን በዘይት ማሸት ጀመረ። ስንጥቁን እየዞረ፣ እንዳይነካው እየተጠነቀቀ ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አይዛክ እንቅልፍ ወሰደው። ከዚያ ሁለቱ እጆቹ ከጎኑ ቀስ ብለው ተነሱ። ከደረቱ በላይ አየር ላይ፣ አንዱ በሌላው ዙሪያ መሽከርከር ጀመሩ፤ ዝግ ብለው፣ ሳያቋርጡ፣ ክር እንደሚያዳውር ሰው። ዓይኑ ተከድኗል፤ ቀስ ብሎ ያንኮራፋል። እጆቹ ግን አላረፉም።

ኳስ የሚያይ ሁሉ ምልክቱን ያውቀዋል። ቀይሩኝ ማለት ነው።

ክፍሉ የበርበሬ ከረጢት ላይ ተቀመጠ። አሁን ያንን ቀን ልንገራችሁ፤ እሱ ለማንም ያልነገረውን።

አዲስ አበባ የታዳጊዎች ውድድር ነበር። ከጋና የመጣው ቡድን የራሱ ወጌሻ ስላልነበረው ክፍሉን አዋሱት። አሰልጣኙ ምላሱ ቅቤ የሆነ ሰው ነበር፤ «በሚመጣው ዓመት አውሮፓ ውድድር አለን፣ ስምህን ከቡድኑ ጋር አስገባዋለሁ» አለው። ክፍሉ ደግሞ ያኔ አውሮፓ ከተባለ ልቡ ይጠፋ ነበር። ሐሙስ ዕለት ግማሽ ፍጻሜው ላይ አንድ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ ተመትቶ ወደቀ። ክፍሉ ሮጦ ደረሰ፣ ካልሲውን ዝቅ አደረገ፣ አውራ ጣቱን አሳረፈ፤ ስንጥቁን አገኘው። ልጁ ከሕመሙ ብዛት የሚጮኸው በአገሩ ቋንቋ ነው፤ ክፍሉ አይሰማውም። ስለዚህ ልጁ ሁለት እጁን አንስቶ አሽከረከረ። ክፍሉ ቀና አለ። አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነስቶ በቅንድቡ ይጠይቀዋል፤ ትሪቡን ላይ ከአውሮፓ የመጣ ተጫዋች መልማይ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃል። ክፍሉ የልጁን እጆች ያዘና ደረቱ ላይ ተጭኖ አወረዳቸው። ከዚያ አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። ደህና ነው፣ ይጫወት ማለት ነው።

ቅልጥሙን በፋሻ ጥርቅም አድርጎ አሰረለት። ልጁ ተነሳ፤ በዚያው እግሩ ጎል አገባ። ቅዳሜ ወደ አገሩ ሊሳፈር ሲል አየር ማረፊያው ውስጥ ወድቆ ሞተ። «ወባ ነው አሉ» ብለው ለክፍሉ ነገሩት። ክፍሉ ወባ እንዳልሆነ፣ ከዚያ ከተሰበረ ቅልጥም የመጣ እንደሆነ ያውቅ ነበር። ስሙን ከቡድኑ ጋር ያስገባለትም አልተገኘ። የልጁን ስም አልያዘም፣ ፊቱንም ረሳው፤ እግሩ ብቻ አውራ ጣቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ስብራት ነክቶ አያውቅም።

አይዛክ ሲነቃ እጆቹ አሁንም አየር ላይ ነበሩ። አያቸውና አወረዳቸው። «ሚስቴም ትነግረኛለች» አለ። «ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ነው የጀመረኝ።» ወደ ጓዳው በር አየት አደረገ። «አንክል፣ ሐኪም ምስጢር ይይዛል። ወጌሻስ?»

«ይይዛል» አለ ክፍሉ። አለመያዝን የት ያውቃል።

«እኔ አይዛክ አይደለሁም። አይዛክ ታናሽ ወንድሜ ነበር። አንድ ውድድር ሄዶ በሬሳ ሳጥን መጣ። በቀበርነው በሦስተኛው ሳምንት ከቤልጂየም ደብዳቤ ደረሰ፤ ለሙከራ ይምጣ የሚል። አሰልጣኙ ደብዳቤውንና የአይዛክን ፓስፖርት ይዞ ቤታችን መጣ። መልካችን አንድ ነው፤ እኔ በሦስት ዓመት እበልጠዋለሁ። አባቴ ሂድ አለኝ። ስሜ ክዌኩ ነው። ይህን ስም ጮክ ብዬ ከተናገርኩት አስራ አራት ዓመቴ።»

ክፍሉ እግሩን ለቀቀው።

«የሚገርመው ምን መሰለህ፣ እኔ ግራኝ ነበርኩ» አለ ሰውዬው። «ኳስም ያን ያህል አልችልም፤ የሠፈር ነበርኩ። የሙከራው ዋዜማ ስፈራ አደርኩ። ኳሷ ስትመጣ ቀኝ እግሬ ቀደመኝ። እኔ አላዘዝኩትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተጫወተው እሱ ነው፤ እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬ ነው የሄድኩት። ጎል አግብቼ ሰው ሲያቅፈኝ አፍር ነበር። አሁን ደግሞ እምቢ አለ። የሚፈልገውን ባውቅ እሰጠው ነበር።» ከአልጋው ቀና ብሎ የክፍሉን ዓይን ፈለገ። «ሐኪሞቹን አላምናቸውም። አንተ ዳስሰኸዋል። እችላለሁ ወይስ አልችልም? ቃልህን ስጠኝ።»

እግሩ የሚፈልገውን ክፍሉ ያውቃል። አፉን ከፈተ። «ወንድምህን የገደልኩት እኔ ነኝ» የሚለው ነገር ግን በእንግሊዝኛም በአማርኛም አልወጣ አለው። ፈራ። ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ይሻለዋል የሚሉ አሉ፤ ክፍሉ አልተሻለውም። አውራ ጣቱን ቀሰረ።

«ትችላለህ» አለው። «ደህና ነህ።»

ሐሙስ ዕለት አይዛክ ትሬድሚል ላይ ወጣ። ቴራፒስቱ ለክለቡ የሚላክ ቪዲዮ እየቀረጸ ነበር። ሮጠ። አንድ ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ፣ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ቀኝ እግሩ እንደ ድሮው ይወረወራል፤ የክሊኒኩ ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ ማጨብጨብ ጀመረ። ክፍሉ ፎጣ ይዞ ከጥግ ያያል። አሥረኛው ደቂቃ ላይ የአይዛክ እጆች ከጎኑ ተነሱ። ፊቱ ይስቃል፣ እግሩ ይሮጣል፣ ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፤ እጆቹ ግን ደረቱ ላይ ይሽከረከራሉ። ቴራፒስቱ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እጆቹ ሳይቆሙ አይዛክ ወደቀ።

ቅልጥሙ ወዲያው አበጠ፤ ጠቆረ። ሆስፒታል ወሰዱት፣ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሱት፤ አጥንት አልተነካም፣ የደም መቋጠር ነው ብለው መለሱት።

ዓርብ ክፍሉ ለአይዛክ ስድስት ጊዜ ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም፤ ነገ ሱቁ እጠብቅሃለሁ የሚል መልእክት ተወለት። ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ እያለ በጣቱ ቆጠረ። ያ ልጅ ያኔ ሐሙስ ተጫውቶ፣ ዓርብ አተኩሶት፣ ቅዳሜ ነው የሞተው።

ቅዳሜ ጠዋት ከስንት ጊዜ በኋላ ያለ ቀኑ ሱቁ መጣ። «ዛሬ እኮ እሁድ አይደለም» አለችው ዓለምፀሐይ። ፊቱን አየችና የጓዳውን በር ከፈተችለት። አይዛክ አምስት ሰዓት ላይ ከታክሲ ወረደ። ከንፈሩ ደርቋል፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። አልጋው ላይ ራሱን ጣለ።

«ነገ በረራ አለኝ» አለ። «ቪዲዮውን አዩት፤ ና ብለውኛል። የወደቅኩበትን ቆርጬ ነው የላኩላቸው።»

«ወደ ሆስፒታል እንሂድ።»

«ሁለቴ አዩኝ፤ ምንም የለም አሉ። አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ አንክል። እስከ ክለቡ የሜዲካል ምርመራ እንዲያደርሰኝ፣ በፋሻ ጠበቅ አድርገህ እሰርልኝ።»

ክፍሉ ፋሻውን አነሳ። እግሩ በጠራራ ፀሐይ እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል። አንድ ዙር አዞረ፣ ሁለት ዙር አዞረ። እጁ መንገዱን ያውቀዋል፤ በዚህ ቅልጥም ላይ በዚህ አጠማዘዝ አንድ ጊዜ ሄዶበታል። ሦስተኛው ዙር ላይ ስንጥቁ ከፋሻው ሥር ተንኮሻኮሸ፤ የአይዛክ እጆች ደግሞ መነሳት ጀመሩ። ክፍሉ ሊይዛቸው እጁን ዘረጋ። ሊያወርዳቸው ነበር። እጁ አየር ላይ እንዳለ ምን እያደረገ እንደሆነ አየና አለቀሰ።

ፋሻውን ፈታው። «ክዌኩ» አለ፤ «ወንድምህ የተጫወተበት ቀን ወጌሻው እኔ ነበርኩ።»

ሁሉንም ነገረው። አሰልጣኙን፣ መልማዩን፣ አውሮፓ የሚለውን ቃል፣ ስንጥቁን፣ አውራ ጣቱን። ሰበብ አልጨመረበትም። ሰውዬው ጣሪያውን እያየ ሰማ። ሲጨርስ ከሱቁ በኩል ዓለምፀሐይ ከደንበኛ ጋር ስትከራከር ብቻ ይሰማል።

«ቀይሩኝ ብሎ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«ብሎ ነበር። እጁን ይዤ አወረድኩት።»

«እሺ» አለ ክዌኩ። ድምፁ ደክሟል። «አሁን ንገራቸው።»

ክፍሉ ተነሳ። የጓዳውን በር ከፍቶ፣ ወጌሻ ሜዳ ላይ ሆኖ ወደ ተጠባባቂ ወንበር እንደሚዞረው ወደ ሱቁ ዞረ። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አነሳና አሽከረከረ። ዓለምፀሐይ ሚዛኑ ላይ ምስር እንደያዘች ቀረች። ደንበኛዋ ዞራ አየችው።

«ቀይሩት» አለ ክፍሉ ጮክ ብሎ በአማርኛ። «አይችልም። ልጁ አይችልም። ቀይሩት።»

ምን ያህል እንደቆየ አያውቅም፤ እጁ እስኪዝል ነበር። ዓለምፀሐይ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሲመለስ የክዌኩ እጆች ከጎኑ ወርደው ነበር። ክፍሉ ተንበርክኮ አውራ ጣቱን ቅልጥሙ ላይ አሳረፈ። ሞቋል። እብጠቱ አለ፤ ስንጥቁ ግን የለም። ደግሞ ፈለገው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች። እግሩን አላወቀውም። አይቶት የማያውቅ የሌላ ሰው እግር ነው።

ክዌኩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ ተመልሷል። ሊነሳ ሲል ግራ እግሩን አስቀደመ። ራሱም አስተዋለው፤ ቁልቁል አየውና እንደገና ተቀመጠ። ኳስ እንዳበቃለት ሁለቱም ገባቸው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ የሆነ፣ የሠፈር ኳስ የሚችል ግራኝ ሰው ነው።

ክፍሉ ይሰድበኛል ወይም ይመታኛል ብሎ ጠበቀ። ቢመታው ይሻለው ነበር።

«ወባ ነው ብለውን ነበር» አለ ክዌኩ። «እናቴ አጎበሩን ለእኔ ነበር የሰጠችኝ። አንድ ነው የነበረን፤ አይዛክ ያለ አጎበር ነበር የሚተኛው። በእኔ ጥፋት ነው የሞተው እያለች ራሷን ትወቅሳለች፤ እስከ ዛሬ ትላለች።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «እዚያ መሽቷል፤ ግን አልተኛችም።»

ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። የአሮጊት ድምፅ «አይዛክ?» አለ።

«እማ፣ ክዌኩ ነኝ።»

ስሙን እንዳይጠራ አባቱ ስለከለከለ፣ ይህ ስም በዚያ ስልክ አልፎ አያውቅም። ቆይታ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀችው፤ መለሰላት። ከዚያ ስልኩን ወደ ክፍሉ ዘረጋ።

«እንግሊዝኛ ትሰማለች» አለው። «ቀስ ብለህ ተናገር።»

ክፍሉ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበለ። የሴትየዋ ትንፋሽ ይሰማል፤ ትጠብቃለች።

«እናቴ» አለ፤ «ልጅዎ ቀይሩኝ ብሎኝ ነበር።»